የጋሽ ልዑልሰገድ መፍቻ

አጎቴ ጋሽ ልዑልሰገድ ያልገቡበት ወጥ የለም። ወንጂ በንብረት ክፍል ኃላፊነት ዕድሜያቸውን ጨርሰው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ ባሰባቸው። የሚያዙት መጋዘን ስለሌለ እኛን ያዙናል። የጎረቤት ቧንቧ ሲፈነዳ የቧንቧ ባለሙያ ናቸው፤ የዘመድ ልጅ ፈተና ሲወድቅ የትምህርት ባለሙያ ናቸው፤ ሰው ሲታመም ሐኪም ናቸው። ተሳስተዋል ብሎ የነገራቸው ሰው የለም። አባቴ ከሞተ ወዲህ በቤታችን ቃሉ የሚሰማ ወንድ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እናቴ ወይዘሮ ተሻለች ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ቢሆኑም ቃላቸውን ከወንጌል ትንሽ ዝቅ፣ ከሐኪም ቃል ብዙ ከፍ አድርጋ ታየዋለች።

እኔ አብተው እባላለሁ። አዳማ ውስጥ በአንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የምሰፋ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ታመምኩ። የስፌት መኪናዬ ፔዳሉን በረገጥኩ ቁጥር ስሜን እየጠራ ይሰድበኝ ጀመር። ስድቡ ደግሞ ሙያ ያለው ስድብ ነበር፤ የኮሌታ አቆራረጤን ሳይቀር እያነሳ ያዋርደኛል። ሆስፒታል ስሄድ ዶክተር ፈይሳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም ሃሎፔሪዶል የተባለ ክኒን ሰጠኝና መኪናው ዝም አለ። ዝም ማለቱ ደግ ነበር፤ ግን እኔም አብሬው ደረቅኩ። አንገቴ ወደ አንድ ጎን ዞሮ ቀረ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ስሄድ እግሬን የምጎትት ሆንኩ። ተመልሼ ስሄድ ሁለተኛ ክኒን ጨመረልኝ። ስሙ ትራይሄክሲፌኒዲል ነው፤ ምላስ ስለሚያስር ሁሉም አርቴን ይለዋል። አንገቴ ተመለሰ፣ እጄም በአብዛኛው ረጋ።

ከዚያ በኋላ የመድኃኒቴን ልክ የሚነግረኝ የመርፌ ቀዳዳ ሆነ። ልብስ ሰፊ ክሩን በምራቁ አርጥቦ፣ ጫፉን አሹሎ ነው የሚያስገባው። ሃሎፔሪዶሉ ከበዛ እጄ ይንቀጠቀጥና ክሩ ቀዳዳውን ይስታል። አርቴኑ ከበዛ ደግሞ እጄ ደህና ነው፤ ግን ክር የማረጥብበት ምራቅ የለኝም፣ ቀዳዳውም ይደበዝዝብኛል። ሁለቱ ሲመጣጠኑ ክሩ ትንሽ አንገራግሮ ይገባል። ይህን ስለነገርኩት ዶክተር ፈይሳ በየቀጠሮው ሰላም ሳይለኝ በፊት «ክሩ ይገባል?» ብሎ ይጠይቀኛል። ይገባል እለዋለሁ። እንዲህ እያልን በሰላም ስንኖር እህቴ እንቁ ልታገባ ሆነ።

ልጁ ታጠቅ ይባላል፤ ቤተሰቦቹ የአቦምሳ ሰዎች ናቸው። በእኛ ቤት ሙሽራ ከመውጣቷ በፊት ዝቅ ብላ የአባቷን ጉልበት ትስማለች፤ አባት ከሌለ ታላቅ ወንድም በአባት ወንበር ይቀመጣል። ታላቅ ወንድሟ እኔ ነኝ። ወንበሩ የኔ ነው። ችግሩ ጉልበቴ ነው። መድኃኒቱ ተመጣጥኖ እንኳ ሰው ሲበዛብኝ ቀኝ ጉልበቴ ፔዳል እንደሚረግጥ ሰው ይርገበገባል።

ጋሽ ልዑልሰገድ ይህን ካዩ ቆይተዋል። አንድ ቀን እናቴ ዘንድ መጥተው ሙሽራ የሚንቀጠቀጥ ጉልበት ስማ እንደማታውቅ፣ የአቦምሳ ሰዎችም እብድ ያለበት ቤት ገባን እንደሚሉ አስረዱ። መፍትሔውንም ይዘው ነበር የመጡት። ለሠርጉ ሰሞን እኔ ቆቃ ዘመድ ቤት ሄጄ ለአየር ለውጥ ዓሣ እየበላሁ እቀመጣለሁ። ወንበሩ ላይ ማን ይቀመጣል ስትላቸው ዓይናቸውን ወደ መሬት ሰበር አድርገው፣ ቤተሰብ ከጠየቃቸው እምቢ እንደማይሉ ተናገሩ። ትሕትናቸው የሚታየው እንዲህ ባለ ጊዜ ብቻ ነው። እንቁ ግን አብተው ከወንበሩ ላይ ከሌለ ከዚህ ቤት አልወጣም አለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተናግራ ወደ ጓዳ ገባች። እሷን የሚያውቅ ሁለተኛ አይጠይቃትም።

እኔን ማባረር አልሆን ሲላቸው እኔን ወደ ማዳን ዞሩ። ምነው ባባረሩኝ።

ሁለቱን የመድኃኒት እሽግ ከእናቴ ተቀብለው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። የትኛው ምን እንደሚሠራ ጠየቁኝና ነገርኳቸው፤ አንዱ ድምፁን ዝም ያሰኛል፣ ግን ሰውነቴን ይይዘዋል፤ ሁለተኛው የተያዘውን ያላላል። ጋሽ ልዑልሰገድ በንብረት ክፍል ድምፃቸው ተናገሩ።

«ይሄኛው ማሰሪያ ነው፤ ይሄኛው መፍቻ ነው። አስረን የምንፈታው ለምንድን ነው? መጀመሪያውኑ ባናስረውስ?»

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ልክ ይመስል ነበር። ሞኝነት ክፋቱ ይኸው ነው፤ ተስተካክሎ ከተሰፋለት ከጥበብ አይለይም። ደግሞም በእኛ አገር ሰው ሲታመም «ታስሮ ነው» ይባላል፤ ሲድን «ተፈታ» ይባላል። አሳሪው ክፉ፣ ፈቺው ደግ ነው። ጋሽ ልዑልሰገድ ጠንቋይና መተተኛ ሲጠራ ይንቀጠቀጣሉ፤ የሠለጠኑ ሰው ነኝ ይላሉ። ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለው ሐኪም ግን ያው መተት ፈቺው ነው፤ ነጭ ጋውን ደረበ እንጂ።

እንቁ ዶክተሩ ይህን ፈቅዷል ወይ ብላ ጠየቀች። ዶክተር ማማከራቸውን፣ ዶክተሩም መስማማቱን ነገሯት። ዶክተር የሚለው ቃል በቤታችን በር ይዘጋል፤ ተዘጋ። እናቴ ማሰሪያውን በጣሳ አድርጋ ቆጥ ላይ ሰቀለችው፤ መፍቻውን እጥፍ አድርጋ ትሰጠኝ ጀመር።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስ ይሉ ነበር፤ አልዋሽም። እጄ እንደ ድንጋይ ረጋ። ጉልበቴ ተኛ። ያለ ምክንያት የምስቅም ሆንኩ። ጋሽ ልዑልሰገድ በየጠዋቱ እየመጡ «ዘርጋ» ይሉኛል፤ እጄን እዘረጋለሁ፤ ጣቶቼን አይተው በራሳቸው ይረካሉ። ዕድር ላይ ስለኔ ተናገሩ። የጎረቤታችንን የደም ግፊት ክኒንም እያገላበጡ ይመረምሩ እንደነበር ሰምቻለሁ፤ ሰውየው ብልህ ስለነበር መድኃኒቱን ቀምቷቸው ገባ።

ከዚያ ምራቄ ጠፋ። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ይለጠፋል፤ እንጀራ ያለ ውሃ አልወርድ አለኝ። ክሩን ከጠርሙስ ክዳን በውሃ እያረጠብኩ ለማስገባት ሞከርኩ፤ ቀዳዳው ሁለት ሆኖ ይታየኛል፣ የማስገባው ወደሌለው ነው። ሆዴ ተያዘ። ሽንት ቤት ገብቼ ግድግዳ ተደግፌ እቆማለሁ እንጂ ሽንቴ አይመጣም። ለጋሽ ልዑልሰገድ ብነግራቸው የማሰሪያው መርዝ እየወጣ ነው አሉኝ። ምንም እየወጣ እንዳልሆነ፣ ችግሬም እሱ እንደሆነ አስረዳኋቸው። መርዙ በዚያ በኩል አይወጣም አሉ። በየት በኩል እንደሚወጣ ግን አልነገሩኝም።

የአዳማን የቀትር ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። በረንዳው ላይ ሰው ሁሉ በላብ ሲጠመቅ እኔ ጠብታ ላብ የለኝም፤ ሰውነቴ ግን እንደ ካውያ ይግላል። አጎቴ ይህንንም ወደዱት፤ ላብ ማቆሜ የንጽሕና ምልክት ነው ብለው አንድ ክኒን አስጨመሩልኝ። አንድ ጠዋት ደግሞ ፔዳሉን ስረግጥ መኪናው ቀስ ብሎ «አብተው» አለኝ። ገና አልሰደበኝም። ለእናቴ ነገርኳት፤ እሷ ለወንድሟ ነገረች፤ ወንድሟ ሙያው ራሱ እየጠራኝ እንደሆነ ተረጎሙላት።

ከዚህ በኋላ ያለውን እኔ አላስታውሰውም። የምነግራችሁ እንቁ የነገረችኝን ነው።

የታጠቅ ሽማግሎች መልስ ሊቀበሉ የመጡት እሑድ ቀትር ላይ ነው። የሚመሯቸው የልጁ አጎት ኦቦ ጫምሳ ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ። እኔ በራሴ እጅ የሰፋሁትን ኮት ለብሼ ከጋሽ ልዑልሰገድ ጎን ተቀምጫለሁ። ሥራዬ ሁለት ብቻ ነበር፤ እጄን ጉልበቴ ላይ ማድረግና ስጠየቅ «ሰጥተናል» ማለት። ጉልበቴም በእውነት ጸጥ ብሎ ነበር። የአጎቴ ድል ያ ነው፤ ማንም አይወስድባቸውም።

ሽማግሎቹ እንደ ወጉ ቆመው ነገር ሲጀምሩ እኔ ጎንበስ ብዬ የኦቦ ጫምሳን ጋቢ ጫፍ ያዝኩ። ከአየር ላይ መርፌ አነሳሁ። የሌለ ክር በሌለ ምራቄ አረጠብኩ፣ ጫፉን አሾልኩ፣ አስገባሁ፤ ከዚያ መስፋት ጀመርኩ። ጋሽ ልዑልሰገድ እየሳቁ እጄን ወደ ታች ሲጫኑኝ እወጋዎታለሁ ብዬ ተቆጣኋቸው። ለእንግዶቹ ልጁ ሙያ ወዳድ ነው፣ በሕልሙም ይሰፋል አሏቸው። እኔ ደግሞ ወደ በሩ ዞሬ አባቴን የሱሪውን ርዝመት ጠየቅኩት። አባቴ ከሞተ ቆይቷል።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ኦቦ ጫምሳ ግን አልሸሹኝም። «ተዉት፣ ይስፋ» አሉና የጋቢያቸውን ጫፍ ዘርግተው ያዙልኝ። እጄ እጃቸውን ሲነካ ነው የደነገጡት፤ ይህ ልጅ እየነደደ ነው አሉ።

ሽማግሌ የመጣላት ልጅ ከጓዳ አትወጣም፤ ነውር ነው። እንቁ ወጣች። ግንባሬን ነካች፣ ብብቴ ውስጥ እጇን አስገብታ ላብ ፈለገች፣ አጣች። ጋሽ ልዑልሰገድ የሽምግልና ቤት መሆኑን አስታውሰው እንድትገባ አዘዟት።

«ጋሼ» አለቻቸው፣ «‹ሰጥተናል› የሚለው ሰው እየሞተ ነው።»

ባጃጅ የጠራችው ራሷ ናት። ደግፈው ያስገቡኝ ኦቦ ጫምሳ ናቸው። አጎቴም ተሳፈሩ፤ ሐኪሙን ሊያስረዱት ነው። እናቴ በሌላ ባጃጅ ተከተለችን።

ሆስፒታል ዶክተር ፈይሳ ዓይኔን ገልጦ አየ፤ ጥቁሩ ዓይኔን ሞልቶታል። ቆዳዬ ደርቋል፣ ልቤ ይጋልባል፣ ፊኛዬ ከእምብርቴ ሥር እንደ ኳስ ተነፍቷል። ወደ ቤተሰቦቼ ዞሮ መጀመሪያ የጠየቀው ጥያቄ አስተናግር አብልታችሁታል ወይ የሚል ነበር። አስተናግርን የማያውቅ ሰው ቢኖር፣ በየቆሻሻ መጣያውና በየመንገዱ ዳር ነጭ መለከት የመሰለ አበባ አውጥቶ የሚበቅለው ነው፤ ፍሬው እሾሃም ነው። የቀመሰው ሰው ይደርቃል፣ ይግላል፣ የሌለ ሰው ያናግራል።

ጋሽ ልዑልሰገድ እንዲህ ተሰድበው አያውቁም። ደረታቸውን ነፍተው፣ አንገታቸው ላይ ያለውን ማተብ ጎትተው አሳዩት።

«እኛ ክርስቲያኖች ነን። የመተተኛ ቅጠል ደጃፋችን አይደርስም። ያበላነው የእርስዎን የራስዎን መድኃኒት ነው።»

የአርቴኑን እሽግ ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉለት። ዶክተር ፈይሳ አየው፣ ሌላኛውስ ክኒን አለ፣ እናቴ ቆጥ ላይ መሆኑን ነገረችው።

«እንግዲያው» አለ ሐኪሙ፣ «አስተናግሩን በክኒን ነው ያበላችሁት።»

ቅጠሉም ክኒኑም ሰው ገላ ውስጥ የሚነኩት ያንኑ ነገር መሆኑን አስረዳቸው። አጎቴ ግን እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም፤ ሌላ ዶክተር ፈቅዶላቸው እንደነበር በክብር ገለጹ። የትኛው ዶክተር ተባሉ። የዓለም ጤና ከተማው ዶክተር ዱጋሳ አሉ። ዶክተር ፈይሳ ፊቱ ሳይለወጥ ዶክተር ዱጋሳን በደንብ እንደሚያውቃቸው፣ ጎበዝ ሐኪም እንደሆኑ፣ የአባቱን ላሞች የሚከትቡት እሳቸው እንደሆኑ ነገራቸው። እንቁ ያኔ ልሳቅ ወይስ ልማታ ብዬ ቆምኩ ትላለች።

ሽንቴን በቱቦ አወጡ፤ በእርጥብ አንሶላ ጠቀለሉኝ፤ አርቴኑ ቆመ። ከቀናት በኋላ ነቃሁ። ማሰሪያውን በትንሹ መልሰው ጀመሩልኝና አንገቴ ሲይዘኝ አርቴኑንም በልኩ መለሱት። ዶክተር ፈይሳ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጦ ነገሩን ያስረዳኝ ያን ጊዜ ነው። አንጎል ውስጥ ዶፓሚንና አሴቲልኮሊን የሚባሉ ሁለት መልእክተኞች አሉ። የመኪናዬ ስድብ ከዶፓሚን መብዛት ጋር የተያያዘ ነው፤ ሃሎፔሪዶል ዶፓሚንን ይከለክላል። ግን የሐሳቡን ቦታ ብቻ መርጦ አይከለክልም፤ የእንቅስቃሴውንም ቦታ ይከለክላል። እዚያ ሁለቱ መልእክተኞች እየተጠባበቁ ነው የሚሠሩት፤ አንዱ ሲዳከም አሴቲልኮሊን ያይላል፣ ሰውም ይደርቃል፣ ይንቀጠቀጣል። አርቴን ያንን ያየለውን ዝቅ ያደርገዋል። የኔን በሽታ አያክምም፤ የሚያክመው ማሰሪያው ያመጣውን ጣጣ ነው። ደግሞ አሴቲልኮሊን ሌላም ሥራ አለው፤ ምራቅ፣ ላብ፣ ሽንት፣ አንጀት፣ ዓይን፣ ማስታወስ። ብዙ ሲጫኑት ሁሉም ይቆማል፣ ሰው ይቃዣል። በዚያ ላይ ማሰሪያው ስለሌለ መኪናውም መልሶ ይናገራል።

ይህን ለልብስ ሰፊ ማስረዳት ቀላል ነው። የላይኛውና የታችኛው ክር እኩል ካልተወጠሩ ጨርቁ ይሸበሸባል። የላይኛውን ካላላህ የታችኛውንም ትንሽ ታላላለህ። አጎቴ ያደረጉት የላይኛውን እስኪበጠስ ወጥረው፣ የታችኛውን አውጥተው መጣል ነው፤ ከዚያ ጨርቁ ለምን ተሸበሸበ ብለው ይገረማሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እሳቸው ለጉልበት ብለው ራስ ጣሉ፤ የጣሉት ራስ ደግሞ የራሳቸው አልነበረም።

ይቅርታ አልጠየቁኝም። ሆስፒታል ሊጎበኙኝ ሲመጡ ብርቱካን ይዘው «ልኩን ነው የሳትነው» አሉኝ። ሳትነው! እኔም፣ እናቴም፣ የዓለም ጤና ላሞችም አብረን ስተን መሆን አለበት። ተናድጄ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ፤ ብርቱካኑን ግን በላሁት፣ ምራቄ ተመልሶ ነበር።

የአቦምሳ ሽማግሎች እንደገና መጡ። ኦቦ ጫምሳ ገና ከበር ልጁ እንዴት ነው ብለው ጠየቁ፤ እብድ ያለበት ቤት የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። ያንን ቃል በቤታችን የተናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። በዚያ ቀን «ሰጥተናል» ያልኩት እኔ ነኝ።

የሠርጉ ጠዋት የእንቁን ካባ የመጨረሻ ጥልፍ ጨረስኩ። ክሩ ትንሽ አንገራግሮ ገባ። ኮቴን ለብሼ ሳሎን ስገባ ጋሽ ልዑልሰገድ ከረባታቸውን አስረው የአባቴ ወንበር ላይ ተደላድለዋል። ለጤናዬ አስበው ነው፤ ሰው ሲበዛብኝ ጉልበቴ እንዳያሳጣኝ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፣ ማንም አይናገራቸውም፤ እኔም ለመናገር አፌን ስከፍት ጉልበቴ ቀደመኝና መርገብገብ ጀመረ።

እናቴ ከጓዳ ወጣች። ወንድሟን አየች፤ እኔን አየች። ዕድሜዋን ሁሉ ቃላቸውን ከላይ ያስቀመጠች ሴት ናት።

«ተነስ ልዑልሰገድ» አለቻቸው፣ «ወንበሩ የአብተው ነው።»

ተነሡ። ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፤ ሁለት እጄን ብጭንበት እጄም አብሮ ተንቀጠቀጠ። እንቁ ካባዋን ሰብሰብ አድርጋ መጣችና እግሬ ሥር በረከከች። ጉልበቴ እስኪረጋ አልጠበቀችም። እየተንቀጠቀጠ ሳመችው፤ ግንባሯንም ላዩ ላይ አድርጋ ቆየች። እልልታው ቤቱን ሞላው። እንባዋ በሱሪዬ አልፎ ሲነካኝ ተሰማኝ፤ የኔም አገጬ ላይ ደርሶ ነበር።

ጋሽ ልዑልሰገድ ከኋላዬ ጎንበስ አሉና በጆሮዬ ጠየቁኝ።

«መፍቻውን አልወሰድክም እንዴ?»

«ወስጃለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ ይሄ የሚያንቀጠቅጥህ ምንድን ነው?»

«ይሄኛው የራሴ ነው» አልኳቸው።

ቀና ብለው መነጽራቸውን አስተካከሉ።